231 ፊደል በ35 ቁልፍ፦ ኳስ ባለው ትንሽ ኪቦርድ አማርኛ መጻፍ

የፊደል ገበታችን 33 ፊደላት አሉት፤ እያንዳንዱ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በ7 ሲዘረዘር 231 ይሆናል። እኔ የምጽፍበት ኪቦርድ ያለው ቁልፍ 35 ብቻ ነው። ለሁለት የተከፈለ ነው፤ 18 ቁልፍ በግራ፣ 17 በቀኝ። በቀኙ ክፍል፣ የአውራ ጣት ማረፊያ አጠገብ፣ ስፋቷ 34 ሚሊሜትር የሆነች፣ ከጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ትንሽ የምታንስ ኳስ ተቀምጣለች። ጠቋሚውን የማንቀሳቅሰው በእሷ ነው፤ ጠረጴዛዬ ላይ ማውስ የለም።

ሥራዬ የአማርኛ ጽሑፍ ማረም ነው። አራሚ ከጸሐፊ ይልቅ ማውስ ያበዛል፤ አንዲት ፊደል ለመለወጥ ጠቋሚውን እዚያ ማድረስ፣ መጫን፣ እጅን መመለስ፣ መጻፍ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ማውስ። እጄ ቀኑን ሙሉ በዚህ ሲመላለስ ይውልና ማታ ቀኝ ትከሻዬን ያመኝ ነበር። ኳሷ ይህን ምልልስ አስቀረችልኝ። ነገር ግን ያገኘኋቸው መመሪያዎች በሙሉ ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ የተሰናዱ ስለነበሩ የመጀመሪያው ወር አስቸጋሪ ነበር። «አለ» ብዬ ስጽፍ ኮምፒውተሩ ይቆለፋል፤ «አማርኛ» ብዬ ስጀምር የተከፈተው መስኮት ሁሉ ከፊቴ ይጠፋል። ምክንያቱ ቆይቶ ገባኝ፤ መፍትሔውም ቀላል ሆኖ አገኘሁት። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው ያንን ወር እንዳይደግመው ብዬ ነው።

የትኛው ኪቦርድ

የእኔው ካሪብዲስ ናኖ ይባላል፤ ባስታርድ ኪቦርድስ ከሚባል ሠሪ ነው። 56 ቁልፍ ያለው ታላቅ ወንድምም አለው። ኪቦል የሚባሉት የጃፓን ኪቦርዶች ያችኑ 34 ሚሊሜትር ኳስ ይይዛሉ። ሁሉም ኪውኤምኬ በሚባል ነፃ ፈርምዌር (ኪቦርዱ ውስጥ ተቀምጦ ቁልፎቹን የሚያሠራ ፕሮግራም) ስለሚሠሩ፣ ከዚህ በታች የምለው በቁልፍ አቀማመጥ ትንሽ ቢለያይ እንጂ ለሁሉም ይሆናል። መካኒካል ናቸው፤ እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ስፕሪንግና ማብሪያ ስላለው ጣት እስከ ወለሉ ድረስ መድቃት አይጠበቅበትም።

ገና ልትገዙ ከሆነ፣ ቁጥር ብዙ የምትጽፉ ሰዎች 56 ቁልፍ ያለውን ውሰዱ። ናኖው የቁጥር ረድፍ የለውም፤ ቁጥር የሚጻፈው ሌላ ቁልፍ ይዞ ነው። እኔን አላስቸገረኝም፤ የሒሳብ ሠራተኛን ግን ያስመርራል። ከውጭ በሰው እጅ የምታስመጡ ከሆነ አንድ መለዋወጫ ኳስ አብራችሁ አስልኩ። ፔሪክስ የሚባለው ኩባንያ ይህን መጠን ለብቻው ይሸጣል፤ የሎጂቴክ ኤም 575 ኳስም 34 ሚሊሜትር ስለሆነች የተበላሸ ካገኛችሁ ኳሷን አትጣሉ።

ከመሰካታችሁ በፊት

ሁለቱን ክፍሎች የሚያገናኘው ገመድ የጆሮ ማዳመጫ ገመድ ይመስላል፤ አደጋውም ያለው እዚህ ላይ ነው። የጆሮ ማዳመጫን ስንነቅልና ስንሰካ ስለኖርን እጃችን ሳያስብ ያደርገዋል። በዚህ ገመድ ውስጥ ግን ከመረጃው ጋር ኤሌክትሪክም ያልፋል። መሰኪያው ወደ ቀዳዳው ሲንሸራተት የብረት ቀለበቶቹ ቦታቸው ከመድረሳቸው በፊት የማይገባቸውን ስለሚነኩ ሾርት ያደርጋል፤ የኪቦርዱንም ትንሿን ሰሌዳ ሊያቃጥል ይችላል። የእኔ ቀኝ ክፍል በዚህ መንገድ አንዴ ሞቶብኛል፤ ሌላ ሰሌዳ እስኪመጣልኝ ብዙ ጠበቅሁ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ሁለቱን ክፍሎች በገመዳቸው አገናኙ፤ እስከ መጨረሻው መግባቱን አረጋግጡ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ የዩኤስቢውን ገመድ ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩ። ስትነቅሉ በተቃራኒው፣ ዩኤስቢው መጀመሪያ። ልጆች ባሉበት ቤት የሁለቱን ክፍሎች ገመድ ከጠረጴዛው ጠርዝ አርቁት።

ክፍሎቹን በትከሻችሁ ስፋት አራርቁና ክንዳችሁ ወደ ውስጥ ሳይታጠፍ የሚደርስበት ቦታ ላይ አስቀምጧቸው። ከዚህ በላይ ስለ አቀማመጥ የምለው የለኝም፤ ሰውነታችሁ በሁለት ቀን ራሱ ይነግራችኋል።

አማርኛው ኪቦርዱ ውስጥ አይደለም

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ «ፊደል የተጻፈበት ቁልፍ ከየት ይመጣል?» ብሎ ነው። አያስፈልግም። ኪቦርዱ የሚልከው የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ነው፤ ወደ አማርኛ የሚቀይረው ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ፕሮግራም ነው። ተነባቢው በአንድ ቁልፍ፣ ቤቱ በሌላ አናባቢ ስለሚጻፍ ለ231ዱ ፊደል 26ቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት ከሺፍት ጋር ይበቃሉ። ትንሽ ኪቦርድ ለአማርኛ የሚያንስ የሚመስለው ለዓይን ብቻ ነው።

እኔ የምጠቀመው ኪማንን ነው፤ ነፃ ነው፤ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ይሠራል። ሌላም ቢሆን ግድ የለም፤ ዋናው በዩኒኮድ የሚጽፍ መሆኑ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኒኮድ ውስጥ ስላለ፣ በእሱ የተጻፈ ጽሑፍ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ወደ ሳጥንና ጥያቄ ምልክት አይቀየርም።

የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ኪቦርድ የአሜሪካ እንግሊዝኛ መሆኑን አረጋግጡ፤ ሌላ ከሆነ አንዳንድ ቁልፍ የማትጠብቁትን ፊደል ይሰጣችኋል። በዊንዶውስ ላይ ደግሞ የግራ ኦልትና ሺፍት አብረው ሲነኩ ቋንቋ የሚቀየርበትን አቋራጭ አጥፉት። በትንሽ ኪቦርድ ላይ እነዚህ ሁለቱ ሳታስቡ በቀላሉ አብረው ይነካሉ፤ አንቀጽ በአማርኛ ጀምራችሁ በእንግሊዝኛ ስትጨርሱት ትገረማላችሁ። ቋንቋ ለመቀየር የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ ይበቃሉ።

መጀመሪያ የመካከለኛውን ረድፍ ነፃ አውጡ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ መጣን።

ቁልፍ ሲያንስ አንዱን ቁልፍ ለሁለት ሥራ ማሰማራት የተለመደ ነው፤ ነካ አድርጋችሁ ስትለቁት ፊደል፣ ስትይዙት ሌላ ነገር ይሆናል። የእኔ ኪቦርድ ሲመጣ የግራ እጅ ጣቶች የሚያርፉባቸው አራት ቁልፎች እንዲህ ሆነው ነበር፦ ኤ ሲያዝ የዊንዶውስ ቁልፍ፣ ኤስ ሲያዝ ኦልት፣ ዲ ሲያዝ ኮንትሮል፣ ኤፍ ሲያዝ ሺፍት። ፈርምዌሩ «ነካ» እና «ያዝ»ን የሚለየው በጊዜ ነው፤ ካልተለወጠ በቀር ወሰኑ 200 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም የሰከንድ አንድ አምስተኛ ነው።

ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ ይህ ብልህ አሠራር ነው። ለእኛ ግን ኤ የምትሰጠው «አ»ን ነው፤ በ«አ» የሚጀምር የአማርኛ ቃል ደግሞ ስፍር ቁጥር የለውም። ጣታችሁ ኤ ላይ ጥቂት ቆየት ብላ ኤልን ስትነኩ ኮምፒውተሩ የሚያየው «አል»ን ሳይሆን የዊንዶውስ ቁልፍና ኤልን ነው፤ ያ ደግሞ ስክሪን የመቆለፊያ ትእዛዝ ነው። «አለ» የተቆለፈብኝ በዚህ ነው። ኤምን ስትነኩ መስኮቶች ሁሉ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ «አማርኛ» ብላችሁ አትጨርሱም። «አድራሻ» ስትሉ ዴስክቶፑ ይመጣል። «አስተማሪ» ስትሉ የፍለጋ ሳጥን ይከፈታል።

ሌላም አለ። ኤስና ኤ ጎረቤት ናቸው፤ «ሳ» የምትጻፈው የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ተከታትለው ሲወርዱ ነው። ሁለት ጣት እንዲህ ሲንሸራተት አንዱ ሳይለቅ ሌላው መጫኑ የተለመደ ነገር ነው፤ ለፈርምዌሩ ግን ይህ «ያዝ» ሊመስለው ይችላል።

የጊዜውን ወሰን ከ200 ወደ 250 ወይም 300 ማሳደግ ይቻላል፤ እኔም ሞክሬዋለሁ። ችግሩ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም፤ በሌላ በኩል ኮንትሮልን በፈለጋችሁ ጊዜ ሁሉ መጠበቅ ይመጣል። ፍርዴ ይህ ነው፦ አማርኛ የሚጽፍ ሰው ከአራቱ ቁልፎች ላይ ሁለተኛውን ሥራ ያንሳ። ፊደል ብቻ ይሁኑ።

አደራረጉ እንዲህ ነው። ቪያ የሚባለውን ፕሮግራም በክሮም ወይም በኤጅ ብሮውዘር ክፈቱ፤ በፋየርፎክስ አይሞከርም። ኪቦርዱን እንዲያገኘው ፍቀዱለት። የቁልፎቹ ሥዕል ሲመጣ የ«ኤ» ቁልፍን በማውስ ምረጡ፤ ከታች ካሉት ፊደሎች ተራውን ኤ ንኩ። ለኤስ፣ ለዲና ለኤፍም እንዲሁ። በቀኝ በኩል ያሉት ጓደኞቻቸው፣ ጄ፣ ኬ፣ ኤልና ከእነሱ ቀጥሎ ያለው፣ ተመሳሳይ ሥራ ካላቸው እነሱንም። ለውጡ ወዲያው ይሠራል፤ የሚቀመጠውም ኮምፒውተሩ ላይ ሳይሆን ኪቦርዱ ውስጥ ነው። ቤት አስተካክላችሁ ቢሮ ብትወስዱት፣ ቢሮ ምንም ሳትጭኑ እንደተስተካከለ ይሠራል።

ሺፍትን በአውራ ጣት

በእንግሊዝኛ ሺፍት ዓረፍተ ነገር ሲጀመርና ስም ሲጻፍ ብቻ የሚፈለግ ነው። በአማርኛ አጻጻፍ ሺፍት ራሱ የፊደል ግማሽ ነው። ቲ ያለ ሺፍት ት፣ ከሺፍት ጋር ጥ ትሆናለች። ሲ ች፣ ከሺፍት ጋር ጭ። ኤን ን፣ ከሺፍት ጋር ኝ። ፒ ፕ፣ ከሺፍት ጋር ጵ። ሺፍት ያመለጠው ሰው «ጠራ» ሊል «ተራ» ይጽፋል፤ ሁለቱም ትክክለኛ ቃል ስለሆኑ ስሕተቱን የሚያሳየው ቀይ መስመር የለም።

እንግዲህ ይህን ያህል የሚሠራ ቁልፍ ለትንሿ ጣት መስጠት ግፍ ነው። ናኖው በግራ አውራ ጣት ሥር ሦስት ቁልፎች አሉት፤ መካከለኛው ስፔስ ነው። ከጎኑ ካሉት አንዱን ሺፍት አድርጉት። በቀኝ በኩል አታድርጉ፤ የቀኝ አውራ ጣት ኳሷን ይዞ ይውላል።

ተራ ሺፍት ሳይሆን «ዋን ሾት ሺፍት» የሚባለውን ምረጡ። ስትይዙት እንደማንኛውም ሺፍት ነው፤ ነካ አድርጋችሁ ስትለቁት ግን ለሚቀጥለው አንድ ፊደል ብቻ ሺፍት ሆኖ ይጠብቃል። «ጥ» ለመጻፍ አውራ ጣት ነካ፣ ከዚያ ቲ፤ ሁለት ጣት በአንድ ጊዜ ማስተባበር አይጠይቅም። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህ እንዲሆን እመርጣለሁ፤ ተራ ኪቦርድ ላይም ቢሆን ይጠቅማል።

መሞከሪያ ዓረፍተ ነገር ይኸውላችሁ፦ «ጫጩቱ ጥጥ ላይ ተኛ።» በአራት ቃል አምስት ሺፍት አለበት። ይህን ሳትሳሳቱ አሥር ጊዜ ከጻፋችሁ ሺፍታችሁ ትክክለኛ ቦታ ላይ ነው።

አራት ነጥብ

በኪማንና በብዙዎቹ የአጻጻፍ ስልቶች «።» የሚመጣው የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ በመንካት ነው። ናኖው ላይ ግን ሁለት ነጥብ በዋናው ገበታ ላይ የለም፤ ሌላ ቁልፍ ይዛችሁ ነው የምታገኙት። ዓረፍተ ነገር በጨረሳችሁ ቁጥር ይህን ማድረግ አይሆንም።

ከኤል ቀጥሎ ያለው ቁልፍ የእንግሊዝኛ ነጠላ ጥቅስ ነው፤ በአማርኛ ብዙም አያስፈልገንም። በቪያ ውስጥ ማክሮ የሚለውን ክፍል ክፈቱና በመጀመሪያው ማክሮ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ጻፉ፤ አስቀምጡ፤ ከዚያ ማክሮውን በነጠላ ጥቅሱ ቦታ አድርጉት። ከዚህ በኋላ አንድ ጊዜ ነካ ስታደርጉ አራት ነጥብ ነው። ነጠላ ሰረዝ አስቀድሞም በራሷ ቁልፍ ላይ አለች።

ኳሷን ስለማፍጠን

እንዲህ ያለው በኳስ የሚሠራ ጠቋሚ ትራክቦል ይባላል፤ ከማውስ ቀድሞ የመጣ ነገር ነው። ራልፍ ቤንጃሚን በ1946 እ.ኤ.አ. ለእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሲሠራ አሰበው፤ በ1952 ካናዳውያን መሐንዲሶች ለመርከብ መከታተያ የሠሩት ደግሞ እውነተኛ የቦውሊንግ ኳስ ነበር። ሐሳቡ ዛሬም ያው ነው፤ መሣሪያው ባለበት ይቆማል፣ የሚንቀሳቀሰው ኳሱ ብቻ ነው። ጠረጴዛዬ ጠባብ ስለሆነ ይህን እወድለታለሁ።

ፍጥነቱን ከማስተካከላችሁ በፊት በዊንዶውስ የማውስ ማስተካከያ ውስጥ «ኢንሃንስ ፖይንተር ፕሪሲዥን» የሚለውን አጥፉ። እሱ ካለ ኳሷን በፍጥነት ስታንከባልሉና በቀስታ ስታንከባልሉ ርቀቱ ስለሚለያይ ጣታችሁ ልክ መማር አይችልም።

ፍጥነቱ የሚለካው በዲፒአይ ነው፤ ኳሷ አንድ ኢንች፣ ማለትም 2.54 ሴንቲሜትር፣ ስትንከባለል ጠቋሚው ስንት ነጥብ እንደሚሄድ ማለት ነው። የአውራ ጣት አንድ ጭረት 3 ሴንቲሜትር ያህል ነው ብንል፣ በ800 ዲፒአይ ጠቋሚው 945 ነጥብ ገደማ ይሄዳል። ስፋቱ 1920 ነጥብ የሆነውን የተለመደ ስክሪን ለማቋረጥ ሁለት ጭረት ያህል ይበቃል ማለት ነው። ለአራሚ ይህ ጥሩ መነሻ ነው። ካሪብዲስ ከ400 ጀምሮ በ200 በ200 እየጨመረ ይሄዳል፤ የመጨመሪያውንና የመቀነሻውን ቁልፍ በቪያ በልዩ ቁልፎች ክፍል ታገኙታላችሁ። ትልቅ ስክሪን ወይም ሁለት ስክሪን ያለው ሰው 1200ን ይሞክር። ለጀማሪ ግን ከ800 በላይ አልመክርም፤ ጠቋሚው አምልጦ ሲሄድ ሰው ኳሷን መፍራት ይጀምራል፣ የፈራ ጣት ደግሞ ይደርቃል።

የማውስ አዝራሮቹን የት እናድርጋቸው

«ሌየር» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያስፈራል፤ ነገር ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሺፍት ስትይዙ ቁልፎቹ ሁሉ ሌላ ፊደል ይሰጡ የለ? ሌየር እሱ ነው፤ አንድ ቁልፍ እስከያዛችሁ ድረስ ሌሎቹ ሌላ ሥራ ይሠራሉ። ለማውስም አንድ ሌየር ይመደባል።

የእኔ አደራረግ ይህ ነው፦ ዜድን በግራ ትንሽ ጣት ስይዝ የማውስ ሌየር ይመጣል፤ በዚያ ጊዜ ስፔስ የነበረው የግራ አዝራር፣ ከጎኑ ያለው የቀኝ አዝራር ይሆናል። ቀኝ አውራ ጣት ኳሷን ያንከባልላል፤ ግራ አውራ ጣት ይጫናል። ዋናው ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። በተራ ማውስ የሚጠቁመውም የሚጫነውም ያው እጅ ስለሆነ በመጫኑ ቅጽበት ጠቋሚው ጥቂት ይንሸራተታል፤ በ«ሕ» እና በ«ይ» መካከል አደርጋለሁ ያላችሁት ከ«ይ» ኋላ ይገኛል። ጠቋሚው በአንድ እጅ፣ መጫኑ በሌላው ሲሆን ይህ የለም። «ዝ» ስጽፍስ? ነካ አድርጎ መልቀቅ ነው፤ በዜድ የሚጀምር የዊንዶውስ አደጋ ስለሌለ ይህችን አንዷን ባለ ሁለት ሥራ ቁልፍ ትቻታለሁ።

ሌላም መንገድ አለ፤ ብዙ ሰው የሚወደው እሱን ነው። ኳሷ እንደተነካች የማውስ ሌየር በራሱ እንዲበራ ማድረግ። ምንም መያዝ አያስፈልግም፤ ኳሷን ታንከባልላላችሁ፣ በጄና በኤል ሥር አዝራሮች ይመጣሉ፣ ኳሷ ስታርፍ በኪውኤምኬ የተለመደው ልክ ከ650 ሚሊሰከንድ በኋላ ይጠፋል። ሲያዩት ያምራል። እኔ ግን ለአማርኛ ጽሑፍ አልመክረውም፤ ምክንያቱን ላስረዳ።

ስትጽፉ የቀኝ አውራ ጣት ኳሷን ሳያስበው ይነካል። ያ ትንሽ ንክኪ ሌየሩን ያበራል። በዚያች ከሰከንድ ባነሰች ጊዜ የነካችሁት የቀኝ እጅ ፊደል ወይ አዝራር ይሆናል ወይ ይዋጣል። የአማርኛ ቃል ደግሞ በ«ከ»፣ በ«ለ»፣ በ«የ» መጀመር ይወዳል፤ ሦስቱም የቀኝ እጅ ናቸው። ኤል አዝራር ከሆነች «ለ» ልትጽፉ ስትሉ መጻፊያው ጠቋሚው ወዳለበት ሌላ አንቀጽ ይዘላል፤ ቀሪው ቃል እዚያ ይጻፋል። ኬ ከተዋጠች የባሰ ነው። እኔ በምጠቀምበት ስልት «ከ» ማለት ኬና ኢ ነው፤ ኢ ብቻዋን ስትቀር «እ» ትሆናለች። «ከቤት መጣ» ብዬ የጻፍኩት «እቤት መጣ» ሆኖ አገኘሁት። ትርጉሙ ተገለበጠ፤ ቃሉ ግን ትክክለኛ አማርኛ ነው። ማንም አራሚ፣ ደራሲው ካልሆነ በቀር፣ ሊይዘው አይችልም። ይህን ባየሁ ዕለት አጠፋሁት።

ያም ሆኖ በራሱ የሚበራውን የምትፈልጉ ከሆነ ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ በማውስ ሌየር ላይ አዝራር ያልሆኑትን ቁልፎች ሁሉ ባዶ አትተዉ፤ በቪያ ወደ ታች ባመለከተ ሦስት ማዕዘን የሚታየውን አሳላፊ ቁልፍ አድርጉባቸው። እንዲህ ከሆነ ፊደሉ አይዋጥም፤ ወደ ዋናው ገበታ ያልፋል። ሁለተኛ፣ አዝራሮቹን ከኤልና ከጄ አንስታችሁ ወደ ግራ እጅ አውራ ጣት ውሰዱ።

ማሸብለልና ቀስ ማለት

በማውስ ሌየር ላይ ሁለት ልዩ ቁልፎች ጨምሩ። አንዱ «ድራግ ስክሮል» ነው፤ እስከያዛችሁት ድረስ ኳሷ ጠቋሚ መሆኗ ቀርቶ ማሸብለያ ትሆናለች። 300 ገጽ ያለው ረቂቅ ስታነቡ ከማንኛውም የማውስ ጎማ ይበልጣል፤ ወደ ጎንም ይሄዳል። ሌላው «ስናይፒንግ» ይባላል፤ ፍጥነቱን ለጊዜው ወደ 200 ዲፒአይ ያወርዳል። በ«፤» እና በ«፥» መካከል ያለውን ልዩነት ለማረም ጠቋሚውን በጠባብ ቦታ ማስቀመጥ ሲያስፈልግ በዚህ ነው የምሠራው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

የድሮውን ኪቦርድ አትጣሉ፤ አጠገባችሁ ይቀመጥ። የሚያስቸኩል ሥራ ሲመጣ በእሱ ሥሩ። አዲሱን በቀን 15 ደቂቃ ብቻ፣ ግን በየቀኑ። በመጀመሪያው ሳምንት ኳሷን ጨርሶ አትንኩ፤ አውጥታችሁ መሳቢያ ውስጥ ብታስቀምጧት ይሻላል። ፊደሉ ሲለምድ ኳሷን መልሱና በሁለተኛው ሳምንት የጻፋችሁትን በእሷ እያረማችሁ ተለማመዱ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ የጀመሩ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ በአራተኛው ቀን ተዉት፤ እንዲህ ከፋፍላ የጀመረችው ሦስተኛዋ እስከ ዛሬ ትጽፍበታለች።

ስትለማመዱ ትርጉም የሌለው የፊደል ድርድር አትጻፉ። ደብዳቤ ጻፉ፤ በቃላችሁ የምታውቁትን ጸሎት ወይም ግጥም ጻፉ። ቃሉን ስታውቁት ጣት ብቻ ነው የሚማረው።

ጽዳት

ኳሷ የምታርፈው በሦስት ትናንሽ ድጋፎች ላይ ነው፤ አንዳንዱ ላይ ጥቃቅን የሴራሚክ ኳሶች፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ የሚዞሩ ኩሽኔታዎች ናቸው። የእጅ ወዝና አቧራ እዚያ ይጠራቀምና ነጭ እድፍ ይሆናል። አዲስ አበባ ውስጥ በበጋ በየሳምንቱ አጸዳለሁ፤ በክረምት በሁለት ሳምንት አንዴ ይበቃል።

ጠቋሚው በቀስታ ስታንቀሳቅሱት እየተያዘ የሚለቅ ከሆነ ድጋፎቹ ቆሽሸዋል ማለት ነው። ያለ ምክንያት የሚዘል ከሆነ ደግሞ የታችኛዋ ዓይን፣ ማለትም ሴንሰሯ፣ ላይ ፀጉር ወይም ክር አለ። ዩኤስቢውን ንቀሉ፤ ኳሷን በጣት አንስታችሁ አውጡ። ድጋፎቹን በደረቅ የጆሮ ጥጥ ጥረጉ፤ የደረቀ እድፍ ካለ በጥፍር ቀስ ብላችሁ ፈቅፍቁት። ሴንሰሯን በጥጥ አትጫኗት፤ እፍ ብላችሁ አቧራውን ማስወገድ ይበቃል። ኳሷን በንጹሕ ጨርቅ ወልውሏት፤ ብዙ የቆሸሸች ከሆነ በውኃ እጠቧትና በደንብ አድርቋት። ጨርሳ የደረቀች ኳስ መጀመሪያ ትንሽ ትከብዳለች፤ በመዳፋችሁ መካከል አንዴ አንከባልሏት፤ የእጃችሁ ወዝ ያለሰልሳታል። ከዚያ ወደ ቦታዋ መልሷትና በአንድ ጣት ገፋ አድርጓት፤ ሳትንተፋተፍ ዞራ ከቆመች ዩኤስቢውን መልሳችሁ ሰኩ።